የሸማኔው ጉድጓድ

ባለፈው ጥር አርብ ገበያ ከተማ የሄድኩት ለአክስቴ ሙት ዓመት ነበር። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ጠላ ይዞ ሲጫወት እኔ ጋቢ ላሠራ ነው ብዬ ሹልክ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ጋቢ አልቸገረኝም፤ ቤቴ ሦስት አለኝ። የድንኳኑ ወሬ ሰልችቶኝ ነው። የጠቆሙኝ ሸማኔ ደጃፍ ስደርስ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ከውስጥ የዱቄት ውሃ ሸተተኝ። ሸማኔ ድሩ እንዳይበጣጠስ ክሩን ስስ ሙቅ በመሰለ የዱቄት ውሃ ይነክረዋል፤ ውሎ ሲያድር ትንሽ ይኮመጥጣል፣ እርጥብ ጥጥ እርጥብ ጥጥ ይላል። ይህን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም ነበር።

በጓሮው በኩል አንዲት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ በችካሎች መሃል ክር ይዛ ትመላለሳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። እኔም እንደ አገሬ ሰው ሁሉ ልጅ ሳይ አፌ ላይ የሚመጣውን ልጠይቃት ነበር፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ልላት። ከዚያ ትርንጎ ትዝ አለችኝና የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት።

ትርንጎ የአያ ደርሶ ልጅ ናት። ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እሷም እኔም አሥር ዓመት ገደማ ነበርን። የእኛ ሰፈር ከአርብ ገበያ ቁልቁል ሲወርዱ ይገኛል። አባቴ ቄስ ስለነበር ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። አያ ደርሶ ደግሞ ሸማኔ ነበሩና ቤታቸው ከወንዙ ዳር፣ ከሌላው ሰው ቤት ፈንጠር ብሎ ብቻውን ይታያል። ለምን ፈንጠር እንዳለ የነገረኝ የለም። ክሩን ለማጠብ ውሃ እንዲቀርባቸው ይመስለኝ ነበር፤ ብልህ ሰው ናቸው እል ነበር በልቤ።

ቤታቸው ጥግ ላይ ጉድጓድ አለ። አያ ደርሶ ጠርዙ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን እስከ ጉልበት ጉድጓዱ ውስጥ ይከታሉ፤ ከታች መርገጫውን በእግራቸው እየረገጡ ከላይ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራሉ። ጠዋት ስሄድ እዚያ ናቸው፤ ማታ ስሄድም እዚያ ናቸው። በጣም ትንሽ ሳለሁ እግር ያላቸው አይመስለኝም ነበር። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ሳያቸው ደንግጬ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። ለካ መቃ የመሰሉ ረጅም ሰው ናቸው።

ከመሸመኑ በፊት ድሩ መደራት አለበት፤ የድሩ ሥራ የትርንጎ ነው። ጓሮው ላይ ከወዲያና ከወዲህ ችካሎች ተተክለዋል። እሷ ልቃቂቱን ይዛ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ክሩን እየዘረጋች ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ ስትመላለስበት ሣሩ ጠፍቶ መንገድ ሆኗል። ስትሄድም ስትመለስም ትቆጥራለች። ቁጥሩ ካነሰ ነጠላው ይጠባል፤ ከበዛም ለአባቷ መከራ ነው። ታላቅ ወንድሟ በፊት ይህን ሲሠራ ሃምሳ በደረሰ ቁጥር አንድ ባቄላ ኪሱ ይጨምር ነበር አሉ። ትርንጎ ባቄላ አትይዝም። ለእኔ ጎረቤቱን ሁሉ እያማችልኝ፣ እየሳቀች፣ ድንገት «ሁለት መቶ ሰባ ሦስት» ትልና ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔም አንዳንዴ ልሞክር እላለሁ። ባቄላ ይሰጡኛል፤ የተቆላ ስለሆነ እበላዋለሁና ቁጥሩ ይጠፋል።

አያ ደርሶ ቤት መዋሌን አክስቴ ጥሩዬ አትወደውም ነበር። ዘንድሮ ሙት ዓመቷን ያወጣንላት አክስቴ ናት፤ ነፍሷን ይማረው፣ ክፉ ሴት አልነበረችም። አንድ ቀን ፀጉሬን እየሠራችኝ እንዲህ አለችኝ።

«ስሚ የሻረግ፣ ሸማኔ ቤት አታዘውትሪ። ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ከቶ ስለሚውል ልቡናው ወደ እግሩ ይወርድና መሬት ይጠጣዋል። ልጁም እንደዚያው ነው። የሚያውቀው እጁ ነው እንጂ ጭንቅላቱ አይደለም። እስቲ ሸማኔ ዳኛ ሲሆን አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። አክስቴ ይህን የነገረችኝ ወጥ ላይ ስንት ጨው እንደሚጨመር በነገረችኝ ድምፅ ነው፤ እሷም ከእናቷ ነው የሰማችው። ትርንጎ እኔ ፊት አራት መቶ ክር ስትቆጥር እያየሁ እንዴት አመንኩ? አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ትርንጎ የምትቆጥረው እየሄደች ነው። ልቡናዋ እግሯ ውስጥ ስለሆነ በእግሯ ትቆጥራለች ብዬ ደመደምኩ።

ትምህርት ቤታችን በቅርብ የተሠራ የሣር ክዳን ቤት ነበር። መምህራችን ጋሼ አስናቀ ከደብረ ታቦር የመጡ፣ ቀጭን፣ ጠመኔ የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሴቶች አራት ብቻ ነበርን። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ጋሼ አንድ ነገር ነገሩን። ለሚቀጥለው ዓመት ነፋስ መውጫ ከሚገኘው ትልቅ ትምህርት ቤት ለእኛ ለሴቶች አንድ ቦታ ተገኝቷል። ሰኔ ላይ ፈተና ይሆናል፤ አንደኛ የወጣችው ትሄዳለች፤ ማደሪያዋ የእሳቸው እህት ቤት ነው። ከአራታችን አንዷ ታጭታለች፣ አንዷም ከሁለት ቀን አንዴ ነው የምትመጣው። የቀረነው ትርንጎና እኔ ነን።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱ ሲበራ ዋለ። እኔ ደግሞ ነፋስ መውጫ የሚማሩ ልጆች ሸራ ጫማ ያደርጋሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሌላ ነገር አልታየኝም። ነጭ ሸራ ጫማ፣ ማሰሪያ ያለው። ትርንጎ ምን እንደታያት አልጠየቅኳትም።

ጋሼ አስናቀ ሰሌዳ ላይ ሲያወጡን ሥርዓት ነበራቸው። «ተቆጣጣሪ ሲመጣ አፋችሁ እንዳይያዝ» ይላሉ። መጀመሪያ ስምን፣ ቀጥሎ የአባትን ስም፣ ቀጥሎ የአባትን ሥራ ጮክ ብሎ መናገር ነው፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሳቸው በዚህ ምንም ክፋት አላሰቡም። መዝገባቸው ላይ እንደዚያ ስለተሰመረ ነው።

የካቲት ላይ ለሰኔው መለማመጃ የሚሆን ፈተና ሰሌዳ ላይ እንደሚሰጡን ነገሩን። በዚያ ጠዋት ከትርንጎ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አልኳት።

«ጠይቂኝ።»

«የሸማኔ ልጅ ሰው ፊት ሲቆም ልቡናው ወደ ጉድጓድ ይወርዳል ይላሉ። እውነት ነው? ሲወርድ ይታወቅሻል?»

ትርንጎ ቆመች። «ማነው እንደዚያ ያለው?»

«ሁሉም ሰው።»

ሁሉም ሰው ያልኩት አክስቴን ብቻዋን ነው። የጠየቅኳት እኩሌታው ለማወቅ ነበር፤ የምር ልቡና ሲወርድ ምን እንደሚል ማወቅ ፈልጌያለሁ። እኩሌታው ግን ለጫማው ነው። ያን ጠዋት ልጠይቃት ከቤት ሳልወጣ ወስኜ ነበር። ትርንጎ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ጠጠር በእግሯ እየመታች ሄደች።

ተራዋ ደረሰና ወጣች። «ስሜ ትርንጎ። አባቴ ደርሶ።»

«ሥራው?» አሉ ጋሼ።

እሷ አፏን ሳትከፍት ከኋላ አንድ ልጅ «ጉድጓድ!» ብሎ ጮኸና ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ በአርጩሜያቸው ጠረጴዛውን መቱ። «ሸማኔ» አለች ትርንጎ፤ ፊት የተቀመጥኩት እኔ እንኳ በጭንቅ ነው የሰማኋት።

«ሠላሳ ስድስት በግ ለአራት ወንድማማች እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?»

ይህ ለእሷ ጥያቄ አልነበረም። ትርንጎ ግን ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ሰባት ብላ ጻፈችና በእጇ አጠፋችው። አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ እግሯ ተመለከተች፤ ብዙ ጊዜ ወደ እግሯ ስትመለከት ቆየች። እኔ ልቡናዋን እየፈለገችው መስሎኝ ብርድ ብርድ አለኝ። አክስቴ ያለችው በዓይኔ እያየሁት ሆነ።

ቀጥሎ እኔ ወጣሁ። የአባቴ ሥራ ቄስ ነው ስል የሳቀ የለም። ጋሼም «የቄስ ልጅማ!» ብለው ፈገግ አሉልኝ። እንደዚያ ሲሉኝ የማላውቀው ሁሉ የማውቀው መሰለኝ፤ የጠየቁኝን አንድ በአንድ መለስኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እስከ ቤቴ ድረስ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ወዲያ ትርንጎ አልተቀየመችኝም፤ ወይም እኔ አልታየኝም። የተለወጠ አንድ ነገር ግን ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ጓሮዋ ስሄድ በእጇ ባቄላ ይዛለች። ሃምሳ ስትደርስ ቆም ትልና አንዱን ኪሷ ትጨምራለች፤ ከዚያ ደግሞ መልሳ አውጥታ ታየዋለች። ወሬም የለም፣ ሳቅም የለም። እኔ በልጅ ልቤ አሁን ገና እኩል ሆንን ብዬ ባቄላውን ለሁለት እንብላው አልኳት። በዚያው ሰሞን ለአንዲት ሙሽራ የተሠራ ነጠላ ስንዝር ያህል ጠቦ ወጣ። ያሠራችው ሴት ነጠላውን አያ ደርሶ ጉልበት ላይ ወርውራው ሄደች። አያ ደርሶ ልጃቸውን አልተቆጡም። ነጠላውን አጣጥፈው አስቀመጡና ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ።

የፋሲካ ሰሞን አባቴ ቤተ ልሔም ወደሚባለው የዜማ ትምህርት ደብር ይዞኝ ሄደ። በልጅነቱ ያስተማሩት የኔታ እዚያ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ግን ተማሪው ዛሬም ዙሪያቸውን ሞልቶታል። አባቴ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ ረጅም የግዕዝ ጸሎት በቃሌ አስጠንቶኝ ነበር። ትርጉሙን አላውቀውም፤ ግን ውሃ ስቀዳም፣ እንጨት ስለቅምም ስለው እውል ነበር። አባቴ ያን በየኔታ ፊት እንዳሰማለት ፈልጎ ነው እንጂ ያን ሁሉ መንገድ በእግር አያስኬደኝም ነበር።

«እስቲ በይ ልጄ» አሉ የኔታ።

ተማሪዎቹ ከበቡኝ። ጢሙ ያቀመቀመ አንድ ትልቅ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ ለጓደኛው፣ እኔም እንድሰማ አድርጎ፣ «ሴት ልጅ የቃል ትምህርት አይሆንላትም። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል፣ እያት» አለ።

ጀመርኩ። መጀመሪያው ደህና ነበር። ከዚያ እኩሌታው ላይ ደርሼ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ይህ ነው እኩሌታው? ወይስ የሚቀጥለው? ተማሪው ፈገግ ብሎ እንደሆነ በዓይኔ ጫፍ አየሁት። አንድ ቃል ጠራሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው አልመጣም። መልሼ ጀመርኩ፤ እዚያው ላይ ቆመ። ጆሮዬ ጋለ። አባቴን ሳየው መሬት መሬት ያያል። እኔም ሳላውቀው ወደ እግሬ ተመለከትኩ።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ተማሪው አዞሩ። ዓይን ባይኖራቸውም የት እንደቆመ ያውቁ ነበር። «ምን አልካት አንተ ቅድም?»

«ኧረ ምንም የኔታ። ሴት አይሆንላትም ነው ያልኩ።»

«ጸሎቱ መቼ ጠፋት? በአንድ ልብ ሁለት ሥራ ሰጠሃት እንጂ። ጸሎቱንም ትበል፣ አንተንም ትጠብቅ? አንተ ከቆላ ስትመጣ የቆላ ሰው ዜማ አይሆንለትም ብዬ ተቀብዬህ ቢሆን ዛሬ የት ነበርክ?»

የኔታ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ነይ ልጄ፣ ምርኩዜን ያዢና እስከ ምንጩ ምሪኝ። እግሬን ልታጠብ።»

ሁለታችን ብቻ ሄድን። ድንጋዩን በዚህ በኩል፣ ጉቶውን በዚያ በኩል እያልኩ መራኋቸው። «እንደው መንገዱ እንዲያጥርልን ያንን ጸሎት በይልኝ» አሉኝ። እንዳይወድቁ ድንጋይ ድንጋዩን እያየሁ ማለት ጀመርኩ። ምንጩ ዳር ደርሰን ድንጋይ ላይ ሳስቀምጣቸው ሳቁ። «ጨረስሽው እኮ» አሉኝ። መጨረሴን እኔ አላወቅኩም ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንመለስም አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሄደው። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ስፈልግ መጣሁ። ልቡናዬ እንደ ትርንጎ ሸሽቶኝ ነበር። እኔ ደግሞ እግሬን ጉድጓድ ከትቼ አላውቅም። ታዲያ ማን ጠጣው?

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በሚቀጥለው አርብ አያ ደርሶ ገበያ ወጥተው ቤቱ ባዶ ሳለ ገባሁና የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከተትኩ። መርገጫው ቀዝቃዛ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሳልቆም እስከ መጨረሻው ዘለቅኩት። ደግሜ አልኩት። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ዓይኔን ስገልጥ አያ ደርሶ በሩ ላይ ጆንያቸውን ተሸክመው ቆመዋል።

«ምን ሆንሽ የሻረግ? ወደቅሽ?»

«አይ አያ ደርሶ። ይጠጣ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ። የሸማኔን ልቡና ይጠጣል ይላሉ።»

አያ ደርሶ ጆንያውን ቀስ ብለው አወረዱ። ተቆጥተው የሚያባርሩኝ መሰለኝ። «እና ጠጣብሽ?» አሉኝ።

«አልጠጣም።»

«እኔም እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ተቀመጥኩበት። ውሃ እንኳ አይጠጣ፤ ክረምት በገባ ቁጥር በቅል እየቀዳሁ የማፈሰው እኔ ነኝ።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዞር ስል ትርንጎ ልቃቂት ታቅፋ ከኋላቸው ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ያኔ አንድ ጊዜ ከጀመርኩ አላቆም አልኩ፤ ሁሉም ሰው ያልኩሽ አክስቴ ብቻ ናት፣ ያን ጠዋትም የጠየቅኩሽ እንዲጠፋብሽ ነው፣ ነፋስ መውጫ ሸራ ጫማ ስለሚያደርጉ ነው አልኳት።

«ለጫማ?» አለች ትርንጎ።

«ለጫማ።»

ልቃቂቱን መሬት አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ አላነጋገረችኝም። መንገድ ላይ ስታየኝ ትቀድመኛለች ወይ ትቀራለች። ያን ያህል ጊዜ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም ነበር፤ መንገዱ ረዘመብኝ።

የሰኔው ፈተና በወረቀት ነበር። ጋሼ አስናቀ ሰሌዳው አናት ላይ እንደ ልማዳቸው ሦስት መስመር ጻፉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአባት ሥራ። ትርንጎና እኔ አንድ ግንድ ላይ ነው የምንቀመጠው። ሁለቱን መስመር ጽፋ ሦስተኛው ላይ እርሳሷ ቆመ። ወደ እግሯ ማየት ስትጀምር አየሁ፤ ያ ነገር ደግሞ መጣ ብዬ እርሳሴን አነሳሁ።

መናገር ክልክል ነው። የራሴ ወረቀት ላይ፣ የአባት ሥራ በሚለው ትይዩ፣ ትልቅ አድርጌ «ሸማኔ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እንድታየው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። በልጅ ሐሳቤ አንድ ዓይነት ሸክም ከተሸከምን አንዳችንም ብቻችንን አንወድቅም ብዬ ነው። እኔም መልሱ ይጠፋብኝ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። አልጠፋብኝም። የእኔ ስላልነበረ አልከበደኝም፤ በዚያ ሥራ ጠርቶ የሚስቅብኝ ልጅ አልነበረም። ይህን ያኔም በደንብ ገብቶኛል።

ትርንጎ ወረቀቴን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በአፍንጫዋ እንፍ አለች፤ ክር እያደራች ሰው ስታማ የምትስቃት ሳቅ ናት። አጎንብሳ አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደሆነ አልታየኝም። ከዚያ በኋላ እርሳሷ አልቆመም።

በሳምንቱ ጋሼ አስናቀ አባቴንና አያ ደርሶን አንድ ላይ አስጠሩ። እኛን ሁለታችንን ግድግዳ አስደግፈው አቆሙን። ትርንጎ አንድ ጥያቄ ብቻ ሳተች። እኔ ሦስት ስቻለሁ። ጫማው ሄደ አልኩ በልቤ፤ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ጋሼ ግን ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። ወረቀቴን ለአባቴ ሰጡት።

«ይመልከቱ አባ። የቄስ ልጅ ሆና ትዋሻለች።»

አባቴ አነበበው። ጋሼ ቀጥለው የትርንጎን ወረቀት አወጡ። «ይችኛዋ ደግሞ ትቀልዳለች።»

አያ ደርሶ ፊደል አያውቁም ነበር። አንገታቸውን ወደ አባቴ አሰገጉና «ምን ይላል አባ?» አሉ።

አባቴ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «የአባት ሥራ፤ ሸማኔ። የየሻረግም አባት ሸማኔ።»

ከዚያ አያ ደርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንደዚህ ከሆነ ሁለት ሴት ልጅ አለኝ ማለት ነው» አሉ። አባቴ ያን ጊዜ ነው የሳቀው። ከቤተ ልሔም ከተመለስን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ወደ መምህሩ ዞረ።

«መምህር፣ እባክዎ ይህችን ሦስተኛዋን መስመር ይተዉልን። ልጆቹ ስማቸውን ይጻፉ፤ ይበቃል።»

«መዝገቡ ላይ አለ እኮ አባ።»

«መዝገቡን እኛ አባቶቻቸው መጥተን እንሞላለን።»

ጋሼ አስናቀ ሰሌዳውን አዩ፤ ጠመኔያቸውን አዩ። ደህና ማለታቸው ይሁን መታከታቸው አልገባኝም፤ ከዚያ ወዲያ ግን የአባትን ሥራ አልጠየቁም።

የቀረው የአያ ደርሶ ነገር ነው። ደስ ብሏቸዋል፤ ደግሞ ጨንቋቸዋል። «ሄደችስ ሄደች» አሉ በመጨረሻ፣ «ድሩን ማን ያደራልኛል? ታላቅየው አሁን እርሻ ይዟል።»

«እኔ» አልኩ። ከእኔ አፍ መውጣቱን ያወቅኩት ሁሉም ሲያዩኝ ነው። አባቴ አልከለከለኝም። አክስቴ ጥሩዬ ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ልጅቱን መሬት ሊጠጣት ነው!» ብላ ስትጮህ ዋለች።

ትርንጎ የሄደችው መስቀል እንዳለፈ ነው። የሚሸኟት ሰዎች ብዙ ስለነበሩ ሁለታችን ብቻችንን ለመነጋገር አልቻልንም። በመጨረሻ አጠገቤ መጥታ የቀሯትን ባቄላዎች በእጄ ላይ አራገፈችልኝ። «እንዳትበያቸው» አለችኝ። ያን ሳምንት ሁሉ ቀንቻለሁ። ሸራ ጫማዋን እያሰብኩ ምናለ ያን ወረቀት ባልገፋሁላት ያልኩበት ቀን ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ከዚያ ግን ክሩን ይዤ እሷ ባበጀችው መንገድ ላይ ስመላለስ ቅናቱ ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

አንድ ቀን ሁለት መቶ ካለፍኩ በኋላ ተምታታብኝና ቆምኩ። አያ ደርሶ ከጉድጓዳቸው ሆነው በመስኮቱ ያዩኛል።

«ምነው?» አሉኝ። «የቄስ ልጅ ቁጥር አይሆንላትም ልበል እንዴ?»

ዓይናቸው እየሳቀ ነው። እየቀለዱ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ የያዝኳት ቁጥር ብን ብላ ጠፋች፤ ኪሴን ብዳብስ ባቄላዎቹን በልቻቸዋለሁ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

«በይ ከአንድ ጀምሪ» አሉኝ አያ ደርሶ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

ባለፈው ጥር እዚያ ሸማኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያየሁት ይህን ሁሉ ነው። ልጅቷ ገና ትመላለሳለች። እንዳይምታታባት ድምፄን ሳላሰማ አጥሩን ተደግፌ ጠበቅኳት። የመጨረሻዋን ክር ችካሉ ላይ ቋጥራ ቀና ስትል ነው የተናገርኩት።

«ስንት ደረስሽ?»

«ሦስት መቶ ስልሳ» አለች፤ ሳታስብ።

ድምፄን ሰምተው ነው መሰለኝ ከቤት ውስጥ፣ ከጉድጓዱ በኩል፣ አንድ ሽማግሌ ተጣሩ። «ማነሽ አንቺ? የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ መልሴን ለመስማት ክሯን ይዛ አየችኝ።

«የሸማኔ ልጅ ነኝ» አልኳቸው፣ እሷም እንድትሰማ ጮክ ብዬ።